ከአሰብ እስከ ስዊዝ

ካዛንቺስ ፈርሳ እንደገና መሠራት ከጀመረች ወዲህ ቀን ቀን ጋደም ማለት የሚባል ነገር ቀርቶብኛል። ከምኖርበት ሕንፃ ጎን ጉድጓድ ቆፍረው አንድ ትልቅ ጄኔሬተር ተክለዋል። ባለፈው ሰሞን ወገቤን አሞኝ ከምሳ በኋላ ተኝቼ ሳለ አስነሡት። መጀመሪያ የናፍጣው ሽታ በመስኮት ገባ፤ ቀጥሎ ወለሉ፣ ከዚያም የአልጋው እግር፣ ከዚያም ትራሴ ቀስ እያለ ይነዝር ጀመር። ዓይኔን ጨፍኜ ስለነበር ለትንሽ ጊዜ የት እንዳለሁ ጠፋኝ። አፌ ምራቅ ሞላ። እጄ ሳላዝዘው የአልጋውን ጠርዝ ጨበጠ። ስድሳ ዓመት ያለፈኝ ሴት፣ እዚህ ካዛንቺስ ፎቅ ላይ ተኝቼ፣ ባሕር አዞረኝ።

በልጅነቴ በመርከብ ወደ ኩባ ከተላኩት አንዷ ነበርኩ። አባታችን በምሥራቁ ጦርነት ሞተ። ያኔ አባቶቻቸው ጦር ሜዳ የቀሩባቸው ልጆች እዚያ ሄደው እንዲማሩ ይመዘገቡ ነበር። እናታችን ስታዲየም አጠገብ ከአንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ ተቀጥራ ትሠራለች፤ ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ባለች አንድ ክፍል ቤት ውስጥ እኔንና ወንድሜን ዳዊትን ይዛ ቀርታለች። እኔ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር፤ ዳዊት አሥር እንኳ በቅጡ አልሞላውም። ብዙ አልቅሳ፣ ብዙ ሰው አማክራ አስመዘገበችን። በተሸኘንበት ጠዋት ዝናቡ ገና አላባራም ነበር። አውቶቡሱ በር ላይ አንገቴን ይዛ፣ «ዳዊትን አደራ። እሱ ሳይበላ እንዳትበዪ፣ እሱ ሳይተኛ እንዳትተኚ» አለችኝ። እኔም እሺ አልኩ። በዚያ ዕድሜ ሰው እሺ የሚለውን ነገር ክብደቱን አያውቀውም።

ከጭቃው ተነሥተን በረሃ ገባን። ሹራባችንን፣ ቀጥሎም ጫማችንን እያወለቅን አሰብ ስንደርስ፣ አየሩ ከምድጃ እንደሚወጣ ወላፈን ፊት ይገርፋል። መርከቡ የሩሲያ ነው፤ ነጭ ነበር። ዳዊት ሲያየው፣ ፎቅ ነው እንጂ መርከብ አይደለም ብሎ ተከራከረኝ።

እንደ ገባን ለያዩን። ሴቶች ከላይ፣ ወንዶች ከታች። ይዞን የሚሄደው መምህር ጋሽ መኮንን የሚባል ቀጭን ሰው ነበር፤ ሸሚዙ በላብ ከጀርባው ላይ ተጣብቋል፤ ያ ሁሉ ልጅ ስሙን እየጠራ ይጎትተዋል። ወንድሜ ትንሽ ነው፣ ከእኔ ጋር ይሁን ብዬ ለመንኩት። የመርከቡ ደንብ የእሱ እንዳልሆነ፣ በምግብ ሰዓት እንደምንገናኝ ነገረኝና ወደሚቀጥለው ልጅ ዞረ። አልተቆጣሁትም። ከእኔ የባሰ የደከመው ይመስል ነበር።

የደረሰኝ ክፍል ጠባብ ነው፤ ተደራራቢ የብረት አልጋዎችና አንድ ክብ መስኮት። ከላዬ የተኛችው ልጅ ዘይነባ ትባላለች፤ የቡታጅራ ልጅ ናት፤ የእሷም አባት ከጦርነቱ አልተመለሰም። ረጋ ብላ ነው የምትናገረው። ሻሿን አውጥታ ከአልጋዋ ብረት ላይ አሰረችና፣ በቃ ይሄ ቤቴ ነው አለች። እኔ ግን ልብሴን ከሻንጣዬ ሳላወጣ ሰነበትኩ።

ሰው ስለ ኩባ ሲጠይቀኝ ስለ ብርቱካኑ፣ ስለ ሸንኮራው፣ ስለ ቋንቋው ይጠይቀኛል። ስለ መርከቡ የመጀመሪያ ቀናት የጠየቀኝ የለም። ባሕር ሲባል ሰማያዊ ነገር ይታያችኋል። ለእኔ ባሕር ሽታ ነው፤ ናፍጣ፣ አዲስ ቀለም፣ የተቀቀለ ጎመንና ትውከት። አዳራሹ ውስጥ ጎመን የሚንሳፈፍበት ሾርባ፣ ጥቁር ኮምጣጣ ዳቦና ሥጋ ቀረበልን። ከወዲያኛው ጠረጴዛ አንዱ የአሳማ ነው አለ። ወሬው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲዛመት ክርስቲያኑም እስላሙም እኩል ሳህኑን ገፋ። ነጭ ሻሽ ያሰሩት ወፋፍራም ሴቶች ወጥ ቤት በር ላይ ቆመው አዩን። ሲከፋቸው ያስታውቅ ነበር።

ከዚያ ነፋሱ ተነሣ። መርከቡ ሲያጎነብስ ሆዳችን አብሮት ይወርዳል፤ ሲነሣ ግን አብሮት አይነሣም። ግድግዳ ይዘን እንሄድ ነበር። ዳዊት ለምግብ አልመጣም። አንዴ ቢቀር ተኝቶ ነው አልኩ፤ ደግሞ ሲቀር ቀጥ ባለው የብረት ደረጃ ወደ ታች ወረድኩ። አልጋው ባዶ ነው። ታፍኖ የከረመውን የዚያን ክፍል አየር ስስበው ለራሴም መቆም አቃተኝ። ስፈልገው ቆይቼ ከመርከቡ ጀርባ፣ የተጠቀለለ ወፍራም ገመድ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። መርከቡ ከኋላው ጥሎት የሚሄደውን ነጭ የውሃ መስመር ትኩር ብሎ ያያል።

«እዚህ ምን ታደርጋለህ?» አልኩት።

«መንገዱን እያየሁ ነው፤ ስንመለስ እንዳይጠፋን» አለ። በጣቱ እያሳየኝ፣ «ግን እኮ ይጠፋል፣ እቴቴ» አለኝ።

እውነቱን ነው። ነጩ መስመር ትንሽ ይሄድና ውሃው ይከድነዋል። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ወዲያ ውሃ እንኳ አልረጋለት አለ። የመርከቡ ሐኪም መነጽር ያደረገች ሴት ናት፤ የክንዱን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጋ ለቀቀችው፤ ቆዳው እንደተቆነጠጠ ቀረ። ለጋሽ መኮንን አንድ ነገር ነገረችው። እሱም ወደ ጎን ወሰደኝ። መርከቡ የስዊዝ ቦይ አፍ ላይ ተራ ለመጠበቅ ይቆማል፤ ልጁ እስከዚያ ምግብ ካልረጋለት ይወርድና ወደ አገር ይመለሳል አለኝ።

«ብቻውን?»

«ከፈለግሽ አብረሽው ትመለሻለሽ። ግን ሌላ ጊዜ ትሄዳላችሁ ብዬ ቃል ልገባልሽ አልችልም፣ ልጄ።»

አልጋዬ ላይ ሄጄ ተጋደምኩ። ያቺ አንድ ክፍል ቤት ታየችኝ። ተሸኝተን፣ ጎረቤት ሁሉ ስሞን፣ ባዶ እጃችንን ስንገባ እናቴ የምታሳየው ፊት ታየኝ። ደግሞም ሳልዋሽ፣ የራሴ ፍራሽ ታየኝና ናፈቀኝ። የማይነቃነቅ ወለል ላይ መተኛት ብቻ ነበር የምፈልገው።

ዘይነባ ከላይ ሆና አንገቷን አወረደች። ሁሉንም ነገርኳት። ወርዳ ከቀሚሷ ሥር፣ ወገቧ ላይ ያሰረችውን ትንሽ ከረጢት ፈታች። በሶ ነበር። ስንሳፈር ከቤት የያዛችሁትን ምግብ ተዉ ተብለን ሁላችንም ትተናል፤ እሷ ግን እናቴ የቋጠረችልኝን አልጥልም ብላ ደብቃው ነበር። እዚያ ታች ከተኛ ጤነኛም ይታመማል፣ ወደ አየር እናውጣው አለች። ሄደን ጋሽ መኮንንን ጠየቅነው። ሁለታችንንም እያፈራረቀ አየን። ደንቡን ይነግረናል ብዬ ስጠብቅ፣ «የሚጠይቃችሁ ካለ መኮንን ፈቅዷል በሉ» አለን።

ብርድ ልብስ አንጥፈን ጥላ ያለበት ቦታ አስተኛነው። በሶውን በስኳርና በጥቂት ውሃ አሽተን፣ የባቄላ ፍሬ እንዲያክል እያድበለበልን አጎረስነው። የመጀመሪያውን መለሰው። ጠበቅን። ዘይነባ በየመሃሉ፣ «ውሃውን አትይ፣ ሰማዩ የሚያልቅበትን ተመልከት» ትለዋለች። ሁለተኛውንም መለሰው። ሦስተኛው ረጋ። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ስንል፣ ፊቱን በእርጥብ ጨርቅ ስጠርግ፣ ከባሕሩ የሚመጣው ትኩስ ነፋስ ከንፈሬን ጨው አድርጎት ነበር። እኔ ምን እንደበላሁ አላስታውስም። የበላሁም አይመስለኝም። በማግስቱ ጠዋት ዳዊት ዓይኑን ከፍቶ ከረጢቷን ፈለጋት።

«ሌላ የለም?» አለ።

ዘይነባ መሳቅ ስትጀምር እኔ አለቀስኩ። ሐኪሟ መጥታ ብስኩትና ሎሚ ያለበት ሻይ ሰጠችው፤ ረጋለት። ጉንጩን ይዛ የተናገረችው ቋንቋ አልገባኝም፣ ፊቷ ግን ገባኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም፤ እዚያው ብርድ ልብሱ ላይ ወደቅኩ። ስነቃ ፊቴ ላይ የዘይነባ ሻሽ ተደርቧል፤ መርከቡ ቆሟል፤ ከፊታችን ቦዩ፣ ከኋላችን ተራ የሚጠብቁ መርከቦች። ዳዊት ከልጆች ጋር የመርከቡን የብረት አጥር እየተከተለ ይሮጣል። ዞር ብሎም አላየኝ። ያን ቀን ልብሴን ከሻንጣዬ አወጣሁ።

ብዙ ዓመት እዚያ ተማርን። ዘይነባ ነርስ ሆነች፤ ዛሬም እንጠያየቃለን። ዳዊት እርሻ አጥንቶ መጣ። ስንመለስ እናታችን አውሮፕላን ማረፊያ ጠበቀችን። ከእሷ ሁለት ስንዝር የሚረዝመውን ልጇን ከታች እስከ ላይ አየችና ወደ እኔ ዞራ ቀስ ብላ፣ «ይበላል?» አለችኝ።

ባለፈው እሑድ ዳዊት ሊጠይቀኝ መጥቶ ኦሎምፒያ አንድ ካፌ ተቀመጥን። ጸጉሩ ነጭ ሆኗል። ስለዚያ ጉዞ አነሣሁበት፤ ፊቱ በራ። ከልጅነቱ እንደዚያ የተደሰተበት ጊዜ እንደሌለ ነገረኝ። ቦዩ ጋ ልንደርስ ስንል ትልልቅ ዓሦች ከመርከቡ ጎን እየዘለሉ አጅበውናል፤ አንድ መርከበኛ ትከሻው ላይ አውጥቶ አሳይቶታል። ስለ መታመሙ፣ ስለ በሶው አንድም ነገር አያስታውስም።

«አንቺ ግን አመለጠሽ። መርከቡ ላይ ሥራሽ እንቅልፍ ነበር» አለኝ።

«ደክሞኝ ነበር» አልኩት።

«በዚያ ዕድሜ ደግሞ ምን ያደክማል?» ብሎ ሳቀና ሁለተኛ ሳንዱች አዘዘ።

ልነግረው ነበር፤ ተውኩት። እነዚያ ዓሦች በእሱ ዘንድ እንዳሉ ይቀመጡ። የቀረውን እኔ ይዤለታለሁ። በጣም ከብዶኛል ለማለት አይደለም፤ ብቻ አንድም ቀን ሳላወርደው ይኸው አረጀሁ።