ማንም ያልጠቀሳት መጽሔት

በምርምር ተቋሙ ውስጥ ሁሉም «እትዬ አይጥ» ይሏታል። ፊት ለፊት ማንም አይላትም፤ እሷ ግን ታውቃለች። አንዴ አዲስ የተቀጠረ ጥበቃ በሯን አንኳኩቶ «እትዬ አይጥ የሚባሉት እዚህ ናቸው?» ሲላት፣ «እኔ ነኝ፤ ግባ፣ አልነክስም» ብላ ክው አድርጋዋለች።

ስሙ ያለ ነገር አልወጣላትም። እናቷ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ከስፌት ክፍላቸው ጥግ በተቆለለው ቁርጥራጭ ጨርቅ ውስጥ አይጦች ይወልዱ ነበርና፣ እናትየው መጥረጊያ ባነሱ ቁጥር ልጅቷ መሀል ገብታ «ቆይ እማዬ፣ ዓይናቸው እስኪገለጥ!» እያለች ትለምናቸው ነበር። ያቺ ልጅ አድጋ ሥነ እንስሳ ተማረች። በየእህል መጋዘኑና በየገደሉ ሥር ወጥመድ ስትዘረጋ፣ ጅራትና ጥርስ ስትለካ ኖራ ዶክተር ተባለች። ልጆቿ ትዳር ይዘው ወጥተዋል፤ ባሏ ካረፈ ወዲህ እናቷን ቤቷ አምጥታ አብረው ይኖራሉ።

ከአይጦቹ ሌላ ተቋሙ የሚያሳትማትን የሥነ እንስሳ መጽሔት የምታዘጋጀው እሷ ናት። ሥራውን ያስረከቧት የቀድሞ መምህሯ ጡረታ ሲወጡ ነው። «ሌላ የሚፈልጋት ስለሌለ ነው የሰጠሁሽ፤ እንዳትኮሪ» ብለዋታል። የዝግጅት ክፍሉ በኮሪደሩ መጨረሻ፣ በአልኮል የተዘፈቁ እባቦችና እንሽላሊቶች ከተደረደሩበት ክፍል አጠገብ ነው። መስኮቱ ስለማይዘጋ ወረቀቶቹ ላይ ሁልጊዜ ድንጋይ ይጫናል። እዚያ ተቀምጣ ከየቦታው የሚላኩ የምርምር ጽሑፎችን ተቀብላ፣ ለገምጋሚ ልካ፣ አርማ፣ አሳትማ ዓመታት አለፉ።

አንድ ቀን ዳይሬክተሩ እሷንና ምክትሏን ጠሯቸው። ምክትሏ የዓሣ ተመራማሪ ነው። ሲናገርም ሲራመድም ስለሚቸኩል «ቶሎቶሎ» ይሉታል። ዳይሬክተሩ ዕፅዋት ያጠኑ፣ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ቁጣቸውን በፈገግታ የሚሸፍኑ ሰው ናቸው።

«መጽሔታችን ታማለች» አሉ። «ማንም አይጠቅሳትም። በዚህ ዓመት ደግሞ ከመቼውም ባሰባት። ቦርዱ ይቺን ነገር ለምን እንሸከማለን እያለ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የምርምር ጽሑፍ ከወጣ በኋላ፣ ሌሎች ተመራማሪዎች ሲጽፉ «እገሌ እንዲህ ብሎ ነበር» እያሉ ይጠቅሱታል። መጽሔት ሁሉ ሚዛን ላይ የሚወጣው በዚህ ነው፤ ብዙ የተጠቀሰችው ከብዳ ትታያለች፣ ያልተጠቀሰችው ገለባ ትሆናለች።

ቶሎቶሎ መፍትሔውን ይዞ ነበር የመጣው። «ቀላል ነው» አለ። «ጽሑፍ የሚልክልን ሁሉ፣ እንዲታተምለት ከፈለገ የእኛን መጽሔት ደጋግሞ ይጥቀስ። እንደ ደንብ እናውጣው። ቁጥሩ ወዲያው ሽቅብ ይወጣል። ሌሎችም እኮ ያደርጉታል።»

ዳይሬክተሩ በመስማማት ራሳቸውን ነቀነቁ። እሷ ግን ወንበሯ ላይ ተስተካክላ ተቀመጠች።

«አይሆንም» አለች።

«ለምን?»

«ያላነበቡትን አነበብን እንዲሉ ማስገደድ ነዋ። እኔ እያለሁ አይደረግም።»

«እንግዲያው ከዚህ የተሻለ አምጪ» አሉ ዳይሬክተሩ፣ ፈገግታቸው ሳይጠፋ። «ካላመጣሽ ግን እንዘጋታለን።»

ማታ እራት ላይ እናቷ ፊቷን አይተው «ምን ሆንሽ?» አሏት።

«መጽሔቷ ልትዘጋ ነው፣ እማዬ። ማንም አይጠቅሳትም።»

«ውይ!» አሉ እናቷ። «በእኛ ጊዜ እንኳ መንገድ ላይ በዓይኑ የሚጠቅሰን አናጣም ነበር። ምን ያህል ብታስጠላ ነው?»

በንዴቷ መሀል ሳቀች። ኋላ ግን አልጋዋ ላይ ሆና ስታስበው፣ የእናቷ ጥያቄ ትክክለኛው ጥያቄ ሆኖ አገኘችው። ለምንድን ነው የማትጠቀሰው? ይህን ሁሉ ዓመት ስታዘጋጃት ማን እንደሚያነባት፣ ማን እንደሚተዋት አንድ ቀን ተቀምጣ አጥንታ አታውቅም። አይጥ ምን እንደሚበላ ለማወቅ ሆዱን ስትመረምር የኖረች ሴት፣ የገዛ መጽሔቷን ሆድ ከፍታ አላየችም።

በማግስቱ ከቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ጋር ሆነው ከመጀመሪያው እትም ጀምሮ ያለውን ሁሉ ከመደርደሪያ አወረዱ። ኃላፊዋ ዝምተኛ ሴት ናት፤ የእሷ ድርሻ እያንዳንዱን ጽሑፍ ማን ማን እንደጠቀሰው ከኮምፒውተር መፈለግ ነበር። እትዬ አይጥ ደግሞ እያንዳንዱ ስለ የትኛው እንስሳ፣ በምን ዘዴ፣ በማን እንደተጻፈ ትለያለች። ጠረጴዛ ስላልበቃቸው ወለሉ ላይ ዘረጉት። ጉልበቷ እየተንቋቋ ስትነሳና ስትቀመጥ ሳምንታት አለፉ።

ቀስ በቀስ የነገሩ መልክ ወጣ። በድሮዎቹ እትሞች ሰዎች የሚጽፉት ስላዩት ነገር ነበር፦ በዚህ ረግረግ እነዚህ እንቁራሪቶች አሉ፣ በዚህ ከብት ላይ ይህ መዥገር ተገኘ፣ በዚህ ወንዝ ይህ ቀንድ አውጣ ይራባል። ኋላ የዓሣ ጥናት መጣ። ከዚያ ወዲህ ግን መጽሔቷ ዓለም ወደሮጠበት ሁሉ ተከትላ መሮጥ ጀመረች። ፋሽን የሆነ የላቦራቶሪ ሥራ ሁሉ፣ ሌላ ቦታ ተልኮ የተመለሰው ሳይቀር፣ ለእሷ ይላካል፤ እሷም ዘመናዊ ለመምሰል ትቀበላለች። እነዚያን የጠቀሳቸው አንድም ሰው የለም ማለት ይቻላል። ያ ተራ የሚመስለው የቀንድ አውጣ ጽሑፍ ግን እስከ ዛሬ ይጠቀሳል፤ በቀንድ አውጣ የሚተላለፈውን ብልሃርዝያ የሚያጠኑ ሐኪሞች ያለሱ አይንቀሳቀሱም። መዥገሩን የእንስሳት ሐኪሞች ይፈልጉታል። ችግሩ፣ እንዲህ ያለው ጽሑፍ በመጀመሪያው ዓመት አይጠቀስም፤ ቀስ ብሎ ይጀምርና አያቆምም።

አንድ ከሰዓት ኃላፊዋ የአንዱን ጽሑፍ ውጤት ይዛ መጣችና ለመስጠት አመነታች።

«ስጪኝ፣ ምንድን ነው?»

የራሷ ነበር። በወጣትነቷ ስንት ዝናብና ስንት ቁንጫ ችላ የሠራችው፣ የምትኮራበት የሜዳ አይጦች ጥናት። የጠቀሱት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፦ አንዷ ራሷ፣ ሌላው ደግሞ የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኛዋ። የእሱን ሥራ የምትጠቅስለት ደግሞ እሷ ናት።

«የአይጥ ምስክር ድንቢጥ!» አለችና ሳቋ ፈነዳ፤ ኃላፊዋም አብራት ሳቀች። ከዚያ ሳቁ ቆመ። ጽሑፉን አንስታ እንደ ገምጋሚ ሆና አነበበችው። አይጦቹን የት የት እንደያዘቻቸው በቅጡ አልጻፈችም፤ ከለካችውም ሁሉ አማካዩን ብቻ አውጥታ ዋናውን መሳቢያ ውስጥ አስቀርታዋለች። ሌላ ሰው ሊጠቀምበት ቢፈልግ እንኳ የሚይዘው ነገር የለውም። ከወለሉ ስትነሳ ግን የምታደርገውን ታውቅ ነበር።

ቦርዱ ፊት ቀርባ ያገኘችውን ሁሉ ተናገረች፤ የራሷንም ጽሑፍ አልደበቀችም። «ከሰው ኋላ መሮጣችንን እንተው» አለች። «እዚህ ቆመን የምናየውን፣ ሌላው ሊያየው የማይችለውን እናትም። ጸሐፊዎቹ የለኩትን ሁሉ አብረው ያውጡ። ገምጋሚ ጋ የሚተኛ ጽሑፍ አይኑር።»

«ቁጥሩ መቼ ይነሳል?» አሉ ዳይሬክተሩ።

«ቶሎ አይነሳም። እንዲያውም መጀመሪያ ሊወርድ ይችላል።»

አንዱ የቦርድ አባል ሳቀ። ዳይሬክተሩ ግን ካሰቡ በኋላ «አንድ ዓመት። የማተሚያ በጀት ግን የለሽም» አሉ።

«በወረቀት መታተሟ ይቅር፤ በኢንተርኔት ትውጣ» አለች ወዲያው።

ኮሪደሩ ላይ ቶሎቶሎ ደረሰባት። ፊቱ ቀልቷል።

«እትዬ፣ እኔን ገደልሽኝ እኮ! የደረጃ እድገቴ የታወቀ መጽሔት ላይ ካልወጣሁ አይታይም። ልጆች አሉኝ። አይጥ በበላ ዳዋ ለምን ይመታል?»

«አውቃለሁ፣ ወንድሜ። ግን በውሸት ሚዛን የተመዘነ እድገት ይጸናል ብለህ ነው?»

«የአንቺማ አልፎልሻል!» አለና ጥሏት ሄደ። በዚያው ምክትልነቱን ለቀቀ። ንግግሩ አጥንቷ ውስጥ ገባ፤ ሐሰት አልነበረማ። እሷ ዶክተር ከተባለች ቆይታለች፣ እሱ ገና በር ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ እግሯ አላረፈም። የዓሣ እርባታ ባለሙያዎችን፣ የእንስሳት ሐኪሞችን፣ የጤና ቢሮ ሰዎችን በየቢሯቸው እየሄደች «ጽፋችሁ ያስቀመጣችሁት የለም?» ትላለች። ብዙዎቹ አላቸው፤ ማን ያትምልናል ብለው ትተውታል። ፋሽን ብቻ የሆነውን ጽሑፍ በትሕትና ትመልሳለች። የላካቸው ሰዎች ተቆጥተው ይደውላሉ፤ አዳምጣ፣ አስረድታ፣ አሁንም እምቢ ትላለች። ገምጋሚዎችን ግን እንደ አይጥ ነበር የምታድናቸው። አንድ የታወቁ የነፍሳት ተመራማሪ አንድ ጽሑፍ ይዘው ስልክ ማንሳት አቆሙ። ወንበር ይዛ ሄዳ ከቢሯቸው በር ፊት ለፊት ተቀመጠች።

«ምን እየሠራሽ ነው?» አሉ ሲወጡ ደንግጠው።

«ወጥመድ ዘርግቼ ነዋ።»

ሰውዬው እየሳቁ ተመልሰው ገቡ፤ ግምገማውን ጽፈው ሰጧት።

ዓመቱ አለቀና ቁጥሩ ወጣ። ወርዷል። እንደሚወርድ ራሷ ብትናገርም ስታየው አለቀሰች። ለእናቷ ነገረቻቸው። «እና ታዲያ ትተይዋለሽ?» አሏት፣ መርፌያቸው ውስጥ ክር እያስገቡ።

«አልተውም።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል? በይ ተኚ።»

በቦርዱ ስብሰባ ላይ ዳይሬክተሩ ቁጥሩን አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ። የምትናገረው አዲስ ነገር አልነበራትም፤ የታተሙትን ጽሑፎች ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ «እነዚህን አንብቧቸውና ከዚያ ዝጓት» ብቻ አለች። ከጥግ አንድ እጅ ተነሳ። የተመራማሪዎቹ ተወካይ ሆኖ የተቀመጠው ቶሎቶሎ ነው። ሊጨርሳት ነው ብላ አሰበች።

«አምና ጸሐፊዎችን አስገድደን እናስጠቅስ ያልኩት እኔ ነኝ» አለ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቸኩል። «ጽሑፌን ሌላ መጽሔት ላይ አወጣሁ። እዚያ ያሉት እኔ ያልኳትን ዘዴ ነበር የሚሠሩት። የዓሣ ጽሑፌ ውስጥ የማላውቀውን ሁሉ አስጠቀሱኝ። ባለፈው ወር መጽሔቱ በግዳጅ ማስጠቀሱ ተነቅቶበት ከታወቁ መጽሔቶች መዝገብ ተሰረዘ። የእኔም ጽሑፍ ከንቱ ቀረ።» ቀጥሎም «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። የእኔ ደግሞ የሚለቀምም የለ። ለእትዬ ጊዜ ስጧት» አለ።

እንዲህ ያለውን ነገር ሰው ፊት መናገር ምን እንደሚያስከፍል ታውቃለችና ቀና ብላ ልታየው አልቻለችም። ዳይሬክተሩ አባላቱን ዞር ዞር ብለው አዩ። ጥቂቶች አጉረመረሙ፤ ተቃወመ የሚባል ግን አልተገኘም። ጊዜው ተራዘመላት።

ቁጥሩ ቀና ማለት የጀመረው ከዚያ በኋላ ቆይቶ ነው። ሰማይ አልነካም፤ ዛሬም መጽሔቷ ከታላላቆቹ ተርታ አይደለችም። ነገር ግን የመጋዘን ቁንጫዎችን ያጠናው የጤና ቢሮ ሰውዬ፣ የወንዝ ሸርጣኖችን የመዘገበችው መምህርት፣ ስማቸው በማያውቁት ሰው ጽሑፍ ውስጥ መታየት ጀመረ። እሷም መሳቢያዋን ከፍታ፣ የድሮ አይጦቿን ልኬት ሁሉ ከነቦታው አስተካክላ፣ ለሌላ አዘጋጅ አሳልፋ ሰጠች፤ በራሷ መጽሔት ላይ ራሷ ልትፈርድ አልፈለገችም። ጽሑፏ ሁለት ጊዜ ተመልሶባት ሁለት ጊዜ አረመችው።

ቶሎቶሎ ወደ ምክትልነቱ አልተመለሰም፤ አዲስ የዓሣ ጥናት ግን ላከላት። አንብባ ስትጨርስ ደወለችለት።

«ቆንጆ ነው። ግን መረቡን የጣልክበት ጥልቀት አልተጻፈም።»

«ውይ እትዬ! ያ እኮ ሐይቁ ድረስ መመለስ ነው!»

«ታዲያ ሂዳ።»

ስልኩ ውስጥ ረጅም ትንፋሽ ተሰማ። «እሺ» አለ። «ቅዳሜ ጀልባ አገኝ እንደሆን ልጠይቅ።»

ስልኩን ዘግታ፣ ጽሑፉ ላይ ድንጋይ ጫነችና ቀጥሎ ያለውን አነሳች።