ሬቱ ጡሩምባ አልፈልግም ያለ ቀን

«እኔ እዚህ ወንበር ላይ የተቀመጥኩት ላሞቀው አይደለም፣ ገባህ? ሰው ጆሮ አለው። ፎርክሊፍቱ ይጮሃል፣ ሰው ይሸሻል። አለቀ፣ ገባህ?»

ይሄ የመጋዘናችን ኃላፊ ነው። እሱን ለማስመሰል አፍንጫን ያዝ፣ ሆድን ወደፊት ገፋ ማድረግ ነው፤ ሌላው በራሱ ይመጣል። እኔ ሳስመስለው ጫኝ አውራጆቹ መሬት ላይ ይንከባለላሉ። የዚያን ቀን ግን ራሱ ኃላፊው ነበር የሚጮኸው፣ የሚጮኸውም ሬቱ ላይ ነበር። ማንም አልሳቀም።

ሬቱ የዕቃ ማንሻው ማሽን፣ የፎርክሊፍቱ፣ ሾፌራችን ነው። ከአፉ የሚወጣው ሁሉ ስለሚመር ስሙን እኛ አወጣንለት። ደህና አደርክ ስትለው ምን አገባህ ይልሃል። ምሳ ስትጋብዘው ምን ፈልገህ ነው ይልሃል። አንዴ ጥርሱን ታሞ ፊቱ አብጦ መጣ፤ ያው የሁልጊዜው ኩርፊያው መስሎን አለፍነው።

ጸቡ የመጣው ፎርክሊፍቱ ወደኋላ ሲሄድ የሚጮኸው የድሮው ጡሩምባ ድምፁ ተዘግቶ ስለሞተ ነው። ሻጩ ካርቶን ሙሉ ዕቃ ይዞ መጣ። ቲት ቲት የሚል አለ፣ እንደ አምቡላንስ የሚያለቅስ አለ፣ ጣሪያው ላይ የሚሽከረከር ቢጫ መብራት አለ፤ ደግሞ ከማሽኑ ፊትም ኋላም እየቀደመ ወለሉ ላይ ሰማያዊ ክብ የሚጥል መብራት አለ። ኃላፊው የሚያለቅሰውን ወደደ። ሬቱ ሰማያዊው ካልተገጠመ መሪ አልነካም አለ። ለምን ቢባል ዓይኔ ወደደው አለ። ኃላፊው ጩኸቱ ራሱን ስለሚያመው ነው ብሎ ደመደመ። ሌሎቹም እንደዛው አሰቡ። እኔ ግን ነገር ሲኖር ይሸተኛል።

ነገሩ እህቱ ናት። እትዬ ነው የምንላት፤ መደርደሪያዎቹ መሀል ትጠርጋለች። እናታቸው ከሞቱ ወዲህ እሷና ሬቱ አይነጋገሩም። እናቴን ያስታመምኩት እኔ ነኝ፣ አንተ እንደ ጎረቤት በር ላይ ቆመህ ጠይቀህ ነው የሄድከው አለችው፤ እሱም የማይባል ነገር መለሰላት፤ በዚያው ቀረ።

ታዲያ እኔ ከጀርባዋ ሆኜ ኃላፊውን ሳስመስል እትዬ ፈገግም አትልም። ዞሬ ፊቷ ቆሜ አፍንጫዬን ስይዝ ግን እንባዋ እስኪመጣ ትስቃለች። መጀመሪያ ተቀይሜያት ነበር። ኋላ ነው የገባኝ፤ ፈትል ፋብሪካ የሠራችበት ዘመን ጩኸት ጆሮዋን በልቶታል። ከንፈር እያየች ነው የምትመልሰው። ኃላፊው ቢያውቅ በማግስቱ ነው የሚያባርራት። ሬቱ ደግሞ ጭነቱ ፊቱን ሲጋርደው በኋላ ማርሽ ነው የሚነዳው፤ መደርደሪያ ዞሮ ሲታጠፍ እሱ አያያትም፣ እሷም አትሰማውም። ሰማያዊው ክብ ግን ከማሽኑ ቀድሞ መጥረጊያዋ ሥር ይደርሳል። ምክንያቱን ቢናገር እንጀራዋ ይቀራል፤ ዝም ቢል እሷ ራሷ ጎማ ሥር ትቀራለች።

ኃላፊው የሚያለቅሰው ይገጠምና ይሞከር አለ። ሬቱ እየተራገመ ወጥቶ ማርሹን ወደኋላ አስገባ። ጩኸቱ ጣሪያው ላይ ያሉትን እርግቦች በተነ፤ እኔ ራሴ ካርቶን ላይ ወጣሁ። እትዬ ብቻ ጀርባዋን ሰጥታ ረጋ ብላ ትጠርጋለች። ኃላፊው እጁን አነሳ፤ ሬቱ አቆመ። ኃላፊው ጣቱን ወደ እትዬ ቀሰረ።

«እቺ ሴትዮ አትሰማም እንዴ?»

ሬቱ ከመቀመጫው አልወረደም። «ትሰማለች እንጂ። እኔ መሆኔን አውቃ ነው። እኔን እስር ቤት የሚያስገባላት ከሆነ ጎማ ሥር ትተኛለች። እርስዎ አያውቋትም፤ አብሬያት ያደግኩት እኔ ነኝ። ከልጅነቷ ጀምሮ ክፉ ናት። በጮኹባት ቁጥር እልኋ ነው የሚነሳው። መብራቱን ያስገጥሙልኝ፤ አይታ ካልሸሸች ያኔ ምስክር ይሆኑኛል።»

ጸባቸውን መጋዘኑ በሙሉ ያውቃል። የእስር ቤት ወሬ ሲነሳ ደግሞ የኃላፊያችን ሆድ ወደ ውስጥ ይገባል። ሁለቱም ይገጠሙ፣ ገባህ፣ ብሎ ወደ ቢሮው ሄደ።

ጫኝ አውራጆቹ እያንዳንዱን ቃል ለእትዬ አደረሱላት። መጥረጊያዋን ይዛ መጥታ ሬቱን ከነማሽኑ በስድብ አጠበችው። ከዚያ ወዲህ ሰማያዊው ክብ እግሯ ሥር በደረሰ ቁጥር ትተፋበትና ገለል ትላለች። ሬቱም ከላይ ሆኖ እያየ ያልፋል። አንድም ቀን ሳትተፋ ቀርታ አታውቅም፤ አንድም ቀን ሳትሸሽ ቀርታ አታውቅም።

አሁን እትዬ ጡረታ ወጥታ ልጇ ጋ ናት። ስለዚህ ይሄን ጽፌ ለሬቱ አነበብኩለት። የፎርክሊፍቱን ሰንሰለት ግራሶ እየቀባ ነው የሰማኝ፤ እጁን አላቆመም።

«እትዬ ወጥታለች እኮ፤ ማን ያባርራታል?» አልኩት።

«ጡረታ ወጣች እንጂ ዓይኗ አልጠፋም። ታነባለች።»

«ብታነብስ?»

«ለሷ ብዬ እንደሆነ ካወቀች ቤቴ ድረስ መጥታ ይቅር ትለኛለች። ከዚያ ዕድሜ ልኬን ይቅር እንዳለችኝ ስታወራ ልሰማ ነው። ስድቧ ይሻለኛል። ተው ብዬሃለሁ፣ አታውጣው።»