የጨጓራ መድኃኒትና የግምገማ ቀን

ቂሊንጦ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ስሠራ ጨጓራውን የማያመው ሠራተኛ አላውቅም። ጠዋት በባዶ ሆዳችን ሰርቪስ ላይ እንሳፈራለን፤ ምሳ የምንቀምሰው ሽሮው ድንጋይ ከሆነ በኋላ ነው። ስለዚህ ሰርቪሱ ውስጥ መድኃኒት እንደ ማስቲካ ይዞራል። አንዱ የታዘዘለትን ጀምሮ ሻል ሲለው ያቆማል፣ የተረፈውን አጠገቡ የተቀመጠ ይወስዳል። ወረፋ ከመጠበቅ ይሻላል እንባባል ነበር።

ለእኔ የሰጠችኝ ከገላን ኮንዶሚኒየም ጀምሮ ጎኔ የምትቀመጠው ጓደኛዬ ናት። "ይሄ ባክቴሪያውን ድራሹን ነው የሚያጠፋው፤ ዋጪው እህቴ" አለችኝ። ዋጥኩ። ሲያልቅ ከሌላ ሰው ለምና አመጣችልኝ። ቃጠሎው እውነትም ቀነሰ።

ሆዴ ግን ተበጠበጠ፣ ቀጥሎም ጭንቅላቴ። እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ማሽኑ ላይ እንደተቀመጥኩ ያለ ምክንያት ልቤ ይደልቃል፣ ሰው የሞተብኝ ይመስል እንባዬ ይመጣል። እኔ! አለቃ ሲቆጣ ሳቄን መያዝ የሚያቅተኝ ሴትዮ! ለእናቴ ያልተነፈስኩትን ለጓደኛዬ ነገርኳት። እጄን ይዛ "ያልፋል፤ ለማንም እንዳትናገሪ" አለችኝ። የዚያን ዕለት እንዴት እንደወደድኳት!

ዘመኑ የአንድ ለአምስት ነበር። ቀበሌውም ፋብሪካውም በቡድን ተጠርንፎ ይገማገማል፤ ጓደኛውን ሳይተች የሚወጣ የለም። እኛ ደግሞ መላ ነበረን፤ ትችቱን አስቀድመን ሰርቪስ ላይ እንስማማበታለን። "ወሬ ታበዛለች በይኝ፣ እኔ ከምሳ አርፍዳ ትመለሳለች እልሻለሁ።" ከዚያ ስብሰባው ላይ ኮስተር ብለን እንተቻቻለን፣ "ሂሱን ተቀብያለሁ" እንላለን፣ ከበሩ ስንወጣ በሳቅ እንፈርሳለን።

የዚያን ቀን ግምገማ ግን የመስመር ኃላፊ የሚታጭበት ነበር። የእኔ ስም አስቀድሞ ተነስቷል። ስንት ዘመን የተመኘሁት ቦታ ነው፤ ወገቤ ከማሽኑ ተላቆ ቀና ብዬ የምሠራበት። የጓደኛዬ ተራ ሲደርስ ተነሳች፤ ስለ ወሬዬ ልትናገር ነው ብዬ ከወዲሁ ፈገግታዬን ዋጥ አደረግኩ።

"እህቴ ስለሆነች ነው የምናገረው" ብላ ጀመረች። "አእምሮዋ ልክ አይደለም። እያለቀሰች ነው የምትሰፋው። ሰው እንዴት ትመራለች?"

አለቃው ወደ እኔ ዞሮ "እውነት ነው?" አለኝ። ልመልስ አፌን ስከፍት እንባዬ ቀደመኝ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፤ የእኔን ሆድ ያወጣው ግን ያመንኩት አፍ ነው። ቦታውን እሷ አገኘች።

ጤና ጣቢያ የሄድኩት ከዚያ በኋላ ነው። ሐኪሟ የዋጥኩትን ሁሉ ጠይቃ ራሷን ነቀነቀች። "ሆድሽ ውስጥ የሚጠቅሙሽም ባክቴሪያዎች አሉ። ሐኪም ሳያዝዘው እንዲህ የተዋጠ መድኃኒት ጠላትም ወዳጅም አይለይም፣ ሁሉንም ያጭዳል። ደግሞ እነዚህ ባክቴሪያዎች ከአንጎል ጋር ይነጋገራሉ የሚል ጥናት አለ። ስሜትሽን የነካው እሱ ሊሆን ይችላል። እሱ ነው ብዬ ግን አልምልልሽም።"

"ሊሆን ይችላል" ብቻዋን በቃችኝ። አላበድኩም! መድኃኒቱን ተውኩ፤ እንቅልፌም ቀስ በቀስ ተመለሰ።

ከማንም በፊት የነገርኩት ለዚያችው ጓደኛዬ ነው። የዋህነቴ! እውነቱን ካወቀች አለቃው ዘንድ ሄዳ ቃሏን ታነሳለች ብዬ ነበር። ፋብሪካው በር ላይ አስቁሜ ሐኪሟ ያለችውን አንድም ሳላስቀር አወራኋት። አልገረማትም።

"አውቃለሁ" አለችኝ ሻርፗን እያስተካከለች። "እኔንም እንደዚያ አድርጎኝ ነበር። ሳቆመው ለቀቀኝ።"

"ታዲያ እንደዚያ ስሰቃይ እያየሽ ለምን አልነገርሽኝም?"

መሬት መሬት አየች።

"ልነግርሽ ነበር" አለች፤ "ከዚያ ስምሽ ለኃላፊነት ተነሳ።"