ቢጫዋ ጀልባ በጅግጅጋ

ባለፈው ሳምንት ገበያ ውስጥ፣ ፀሐይ ላይ ከተደረደሩ ጄሪካኖች አጠገብ ሳልፍ፣ የጋለ ፕላስቲክ ሽታ አፍንጫዬን መታኝና አባቴ ያቺን ቢጫ ጀልባ ከጭነት መኪና ላይ ወዳወረደባት ቀን መለሰኝ።

አባቴ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያደገ፣ ጅግጅጋ ተመድቦ በዚያው የቀረ መምህር ነበር። ኮሮና ከመምጣቱ በፊት በነበረው ዓመት፣ በድንበሯ ከተማ በቶጎጫሌ በኩል ከገባ አሮጌ ዕቃ መሀል ካያክ የሚሏትን ጠባብ፣ ለአንድ ሰው ብቻ የምትሆን የመዝናኛ ጀልባ አገኘና ገዝቷት መጣ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ፣ «ውሃ በአህያ ጋሪ እየገዛን ጀልባ?» አለችው። እሱ ሳቀ።

ክረምት ላይ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ኩሬ ሲሞላ፣ ግመሎቹ ጠጥተው እስኪሄዱ ጠብቀን፣ እኔና ኢፍራህ በየተራ እንቀዝፍ ነበር። ኢፍራህ የጎረቤታችን ልጅ ናት፤ እሷ ምሳዋን እኛ ቤት፣ እኔ እራቴን እነሱ ቤት እየበላን ያደግን፣ እናቷን ሆዳንን እኔም እንደ ሰፈሩ ልጅ ሁሉ «ኤዶ»፣ አክስቴ፣ የምላት። አባቴ እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ቆሞ፣ «ትከሻሽን አታድርቂ፣ ውሃው ራሱ ይወስድሻል» ይለን ነበር። በጋ ሲገባ ጀልባዋ ግድግዳ ጥግ ትደፋና እናቴ በርበሬ ታሰጣባታለች፤ ዶሮዎቻችንም ከሥሯ ገብተው እንቁላል ይጥላሉ።

ከዚያ ዝናቡ ቀረ። ክረምቱ በደመና ብቻ አለፈ፣ በልጉም ባዶውን ሄደ፣ ኩሬው ተሰነጣጠቀ። ኤዶ ሆዳን ጀልባዋን ለፍየሎቿ ማጠጫ ወሰደቻት፤ ፍየሎቹ ተራ በተራ አልቀው በረቷ ባዶ ሲቀር አጥባ መለሰቻት።

ዝናቡ የተመለሰው አንድ የሚያዝያ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ከተማውን አቋርጦ የሚያልፈው ደረቅ ወንዝ ድንገት ከዳር እስከ ዳር ሞላ። ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ ደረቁን ወንዝ በማቋረጥ ላይ ሳለች ጎርፉ መሀል ላይ የደረሰባት ኢፍራህ የአሸዋ ክምር ላይ ወጥታ ትጮኻለች። አባቴ ጀልባዋን ተሸክሞ ሮጠ። እናቴ ሸሚዙን ያዘችው።

«ይሄ እኮ ሐይቅ አይደለም!»

«ታዲያ ልጅቷን እያየኋት ልቁም?» አላትና እጇን አስለቀቀ።

ደረሰላት። ጀልባዋ ሁለት ሰው ስለማትችል ኢፍራህን አስቀምጦ እሱ ከኋላ እየዋኘ ገፋ። ዳር የቆሙት ወንዶች ገመድ ወርውረው ሳቡ፤ ኢፍራህ ወጣች። አባቴን ግን ጎርፉ ያመጣው ግንድ መታው። በማግስቱ ከከተማው በታች እሾህ መሀል አገኙት። አስከሬኑን እስከ ቤተክርስቲያኑ በር የተሸከሙት የሰፈራችን ሙስሊሞች ነበሩ።

ኢፍራህ ከዚያ ወዲያ ግቢያችን አልገባችም። አንድ ቀን እናቴ መንገድ ላይ አይታት፣ «ነይ ልጄ፣ ምሳ ቀርቧል» አለቻት። በሻሿ አፏን ሸፍና፣ «አልችልም፣ ኤዶ» ብላ ዞራ ሄደች። ብዙም ሳይቆይ ቤተሰቧ ጠቅልሎ ቶጎጫሌ ገባ።

አባቴ መቃብር አለው፤ እሄዳለሁ፣ አልቅሼ እመለሳለሁ። ኢፍራህ ግን በሕይወት አለች፤ ጠዋት ሚኒባስ ብሳፈር ከምሳ በፊት ቤቷ እደርሳለሁ። ስንት ጊዜ መናኸሪያ ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። ፊቷን ሳይ፣ በመትረፏ ደስ ይለኝ እንደሆነ ዛሬም እርግጠኛ አይደለሁም።