ለአማቴ የሚገባው ምስጋና

ይህን ነገር ለሚስቴ ለትዕግሥት ነግሬያት አላውቅም። በየሳምንቱ አብረውኝ ለሚጸልዩ ወንድሞችም አልተናገርኩም። እናንተ ግን አታውቁኝም፤ ስለዚህ ይቀለኛል። እኔ ሰርቄአለሁ። የሰረቅኩት ምስጋና ነው፤ የሰረቅኩትም ከሚስቴ እናት፣ ከአማቴ ነው።

ልጃችን ስትወለድ ሆሳዕና ቤታችን ውስጥ ቦቢ የሚባል ውሻ ነበረን። ትዕግሥት የመጀመሪያው ፅንስ ወርዶባት ከአልጋ አልነሳ ስትል ከአጠገቧ ንቅንቅ ያላለው እሱ ነው። እኔ እንኳ ትቻት ሱቄን ከፍቼ ነበር። ወንድሜ ግን ሕፃን ያለበት ቤት ውሻ አይታመንም ስላለ፣ ቦቢ ልጅቷን ከተተናኮለ በዚያው ቀን ወንድሜ ፎንቆ ወዳለው እርሻው ወስዶ ሊያስረው ተስማማን። ትዕግሥት ይህን ስትሰማ አለቀሰች።

በኦፕራሲዮን ስለወለደች ሆስፒታል ሰነበተች። እዚያ ሆና የሕፃኗን መጠቅለያ ጨርቅ ሰጠችኝ። ቦቢ በየቀኑ እንዲያሸተው፣ እያሸተተ ሳለም ቀስ ብዬ እያናገርኩ አጥንት እንድሰጠው፣ ጠረኗን እንዲለምድ ነገረችኝ። ከስልኳ ላይ ያነበበችው ነው። እሺ አልኩ። አላደረግኩትም። ለምን? አፈርኩ። መናኸሪያው አጠገብ ጎማ የምሸጥ፣ ከሹፌር ጋር ስጨቃጨቅ የምውል ሰውዬ የሕፃን ጨርቅ ይዤ ውሻ ሳባብል ጎረቤት ቢያየኝስ? ጨርቁን ከነፌስታሉ እቤት ወንበር ላይ ጣልኩት። በማግስቱ ስትጠይቀኝ አሽትቶታል፣ ጭራውንም ቆልቷል አልኳት። ጭራውን የጨመርኩት እንድታምነኝ ነው። አማቴ አልጋው አጠገብ ቆመው ይሰሙኝ ነበር።

አማቴ ልጃቸውን ሊያርሱ ከዱራሜ መጥተው እኛ ቤት ያረፉ ናቸው። እሳቸው ከምባተኛ፣ እኔ ሀዲይኛ ተናጋሪ ነን፤ የምንግባባው በአማርኛ ነው፤ ወሬያችንም ከሰላምታ ብዙ አያልፍም። ደግሞ ውሻ ክፉኛ ይፈራሉ። በልጅነታቸው ተነክሰው ስለነበር ቦቢ ካልታሰረ ግቢውን አያቋርጡም።

አንድ ቀን ከሰዓት ፔርሙስ ልወስድ ወደ ቤት መጣሁ። የቆርቆሮው በር ገርበብ ብሏል። ልገፋው ስል ቆምኩ። አማቴ ወንበር ላይ የጣልኩትን ጨርቅ በመጥረጊያ እንጨት ጫፍ ላይ አንጠልጥለው ለታሰረው ቦቢ ይዘረጉለታል። በከምባተኛ ያናግሩታል። ሲጠጋ ይሸሻሉ፤ ደግሞ ይመለሳሉ። እኔ ምን አደረግኩ? ተመልሼ ሄድኩ። ሥራዬ ስለተሠራልኝ ደስ እንኳ አለኝ።

ትዕግሥት ሕፃኗን ታቅፋ የገባች ቀን ግቢው በዘመድ ሞልቶ ነበር። ቦቢ ቀረበ፣ የሕፃኗን እግር አሸተተና እዚያው ተጋደመ። ወንድሜ ብቻውን ወደ ፎንቆ ተመለሰ። ትዕግሥት ግን በሰው ሁሉ ፊት እንባዋ እየፈሰሰ፣ "እሱ ባያስለምደው ኖሮ ቦቢን አጥቼው ነበር" ብላ አመሰገነችኝ። እኔም አንገቴን ደፍቼ፣ ምን አደረግኩና አልኩ። እውነት ነው፤ ምንም አላደረግኩም። ግን እንደ ትሕትና እንዲቆጠርልኝ አድርጌ ነው የተናገርኩት። አማቴ ከኋላ ቆመው ፈገግ አሉ።

ልጄ አሁን ተማሪ ናት። ቦቢ አርጅቶ እስኪሞት ከጎኗ አልጠፋም፤ ዳዴ እያለች ወደ በር ስትሄድ ፊቷ እየተጋደመ የሚመልሳት እሱ ነበር። ያን ሳስብ ዛሬም ልቤ በምስጋና ይሞላል። ታሪኩ በተወራ ቁጥር ግን የምመሰገነው እኔ ነኝ። አማቴ ውሻ ፈሪ ናቸው እየተባለ ይሳቅባቸዋል፤ እሳቸውም አብረው ይስቃሉ።

ባለፈው ወር ዱራሜ ሄጄ ብቻቸውን አገኘኋቸው። ያን ቀን እንዳየኋቸው ተናዘዝኩና፣ እማማ፣ አመሰግናለሁ አልኳቸው። አልተገረሙም።

"ከበሩ ስር ጫማህን አይቼው ነበር፣ ልጄ" አሉኝ። "ገብተህ እንጨቱን ትቀበለኛለህ ብዬ ጠበቅኩ።"

ሳልጠይቃቸው ይቅር ብለውኛል፤ ለሚስቴም አሳልፈው አልሰጡኝም። ምስጋናዬ ማለቂያ የለውም፤ ምክንያት ግን አላቀርብም። ያን ቀን እየፈሩ መሆናቸውን አይቼ ነው የሄድኩት።