ከልክ በላይ የጠራ ሞኒተር

የውሃ ቆጣሪ ጥገና መሥሪያ ቤቱን ሪፖርት የምታጠናቅረውን ሴት በስሟ የሚጠራት ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነበር። ሌላው ሁሉ «እትዬ ጥራት» ይላታል። አራት ነጥብ ያለቦታው ገብቶ ካየች እህል የማይወርድላት፣ የተለጠፈ ማስታወቂያ ስህተት ካለበት ቆማ በእስክሪብቶ የምታርም ሴት ናት።

ለስብሰባ አዳራሹ ግድግዳ የሚያህል ሞኒተር ተገዝቶ ሲሰቀል ከሷ በላይ የተደሰተ አልነበረም። ላፕቶፗን ሰክታ ሪፖርቷን ስትከፍት ግን ፊደሉ ዝናብ የመታው ጋዜጣ መሰለ። «ለ» እና «ሰ» መንታ ሆነው ቁጭ አሉ።

«ደህና ይታያችኋል?» ብላ ጠየቀች።

«እንደ መስታወት!» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ከስልኩ ቀና ሳይል።

አለቃ ታየኝ ካለ ማን ደፍሮ ደበዘዘኝ ይላል? ሁሉም ራሱን ነቀነቀ፣ ሪፖርቱ ጸደቀ፣ ተጨበጨበ፣ ወደ ምሳ ተሄደ።

እትዬ ጥራት መጀመሪያ ዓይኗን ጠረጠረች። ሐኪሙ «ምንም አልሆንሽም» ብሎ ሸኛት። ሞኒተሩን በአልኮል ወለወለችው። የኮምፒውተር ጥገና ኃላፊው ደግሞ «ራቅ ብለሽ እዪው» አላት። ጀርባዋ በሩን እስኪነካ ራቀች፤ ወይ ፍንክች! ቢጨንቃት ፎቶ ቤት ለምትሠራው ታላቅ እህቷ ደወለች።

«እኔስ ሳላብድ አልቀርም።»

«ገና ዛሬ ነው ያወቅሽው? ምን ሆንሽ ደሞ?»

ሁሉንም ነገረቻት።

«ላፕቶፑም ሞኒተሩም ላይ አንድ ዓይነት ምስል ነው የምታሳዪው?»

«አዎ።»

«እሱ ነዋ! የትንሹን ምስል ለጥጦ ለትልቁ እየሰጠው ነው። ጉርድ ፎቶ ግድግዳ አሳክለሽ ብታሳድጊው ምን ይሆናል? ሴቲንግ ግቢና ምስሉ በትልቁ ላይ ብቻ እንዲታይ አድርጊ። ከዚያ ለሪዞሉሽኑ፣ ለምስሉ የነጥብ ብዛት ማለቴ ነው፣ ሞኒተሩ የተሠራበትን ልክ ምረጪ። ፊደሉ ካነሰብሽ የጽሑፉን መጠን ጨምሪ እንጂ ሪዞሉሽኑን እንዳትነኪ።»

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው። ላፕቶፑን የምትሰኪበት ገመድ አሮጌ ከሆነም ቀይሪው።»

በቀጣዩ ስብሰባ ቀድማ ገብታ እንደተባለችው አደረገች። ፊደሉ በአንዴ ጥርት ብሎ ቆመ። ደስታዋ ወሰን አጣ፤ ብቻዋን አጨበጨበች።

ችግሩ፣ ሰው ማንበብ ጀመረ።

የግዢ ኃላፊው የራሱን ክፍል ዕቅድ ለመጀመሪያ ጊዜ አንብቦ አጥብቆ ተቃወመ። ይህ ሳይበርድ አዛውንቱ ሒሳብ ሹም ጮክ ብለው ማንበብ ቀጠሉ፦ «ይህ ሁሉ ውጤት የተገኘው በክቡር ሥራ አስኪያጃችን የበሰበሰ አመራር ነው።»

እትዬ ጥራት ክው ብላ ቀረች። «የበሰለ» ነበር ማለት የፈለገችው። ጣቷ አንድ ጊዜ ስቶ ኖሮ፣ ያችኑ ዐረፍተ ነገር በየሪፖርቱ እየገለበጠች ስትለጥፍ ኖራለች።

«ይሄ ከመቼ ጀምሮ ነው የተጻፈው?» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ፊቱ በርበሬ መስሎ።

«ኧረ የቆየ ነው፣ ጌታዬ» አለ የግዢ ኃላፊው ሊያረጋጋው ብሎ። «ሁሌም አጨብጭበንለታል።»

በማግስቱ ማስታወቂያ ወጣ፦ «የአዳራሹ ሞኒተር ከልክ በላይ የጠራ በመሆኑ፣ ለተሰብሳቢዎች የዓይን ጤና ሲባል ወደ ቀድሞ ይዞታው እንዲመለስ።» እትዬ ጥራት በገዛ እጇ መለሰችው። መሳቢያዋን ባዶ አድርጋ ስንብቷን ስትጠብቅ ሥራ አስኪያጁ ቢሮው አስጠራት።

«በሩን ዝጊው።»

«ጌታዬ፣ ጣቴ ነው እንጂ እኔ እንኳን...»

«ተይው እሱን።» ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ሞኒተር ጠቆመ። «ይሄንንም እንደዚያኛው አጥሪልኝ። ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ።»

አጠራችለት። አፍንጫውን አስጠግቶ ሪፖርቷን ማንበብ ያዘ፤ ግንባሩ በላብ ወረዛ።

«ለእኛ መሥሪያ ቤት ጀልባ ግዙ ያለው ማን ነው?»

«እርስዎ ነዎት፤ ፈርመውበታል።»

ሥራ አስኪያጁ ሌላ ወንበር ስቦ አጠገቡ አስጠጋላት። «በይ ቁጭ በይ፤ ከላይ ጀምረን እንየው።»

ተቀመጠች። በዚህ መሥሪያ ቤት ከተቀጠረች ጀምሮ የጻፈችውን ነገር ሰው ተቀምጦ ሲያነብላት ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። ፈገግታዋን መደበቅ አቃታት።