ለብራዚሏ ጉልበት የተሳልኩት ጥላ

ሮም ውስጥ የሐኪምም የጠበቃም ቤት ሠርቻለሁ፤ የኳስ ተጫዋች ቤት ግን የመጀመሪያዬ ነበር። ያውም ሴት፣ ያውም ብራዚላዊት። ወለሉን ወልውዬ ሳልጨርስ ኳሷን እያንከባለለች ትመጣብኛለች። ስቆጣት «ዚያ» ትለኛለች፣ አክስቴ ማለቷ ነው። በዚህች ቃል ስንቴ እንደሸነገለችኝ!

ኑሮዋን ስታጫውተኝ ከእኔ ብዙም አይለይም። ከወንድሞቿ ጋር ሰፈር ውስጥ ጀመረች፤ ከዚያ ፖርቹጋል፣ ከዚያ ስፔን፣ ከዚያ ሮም። እኔ መጥረጊያ ይዤ ከቤት ቤት ስዞር እሷ ጫማዋን ይዛ ከቡድን ቡድን ስትዞር ኖራለች። ልዩነቱ፣ እሷ ስትወድቅ ፊሽካ ይነፋላታል፤ እኔ ስወድቅ የሚነፋልኝ የለም።

መስከረም ላይ ልምምድ ስትሠራ የጉልበቷ ጅማት ተበጠሰ። ኦፕራሲዮን ሆነች። ኮንትራቶዋ ደግሞ ሰኔ ላይ ያልቃል። ሠላሳን ያለፈች ተጫዋች ከዚያ በፊት ሜዳ ላይ ካልታየች የሚወስዳት እንደሌለ፣ ኳስ በዚያው እንደሚያበቃላት ነገረችኝ። ሶፋ ላይ ተጋድማ ጣሪያ ጣሪያውን እያየች ነበር።

እኔ ሐኪም አይደለሁ፤ የማውቀው ስለት ነው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ፣ «እመቤቴ፣ የዚህችን ብራዚላዊት ጉልበት አቁመሽ ዳግም ሜዳ ላይ ካሳየሽኝ ጥላ አስገባለሁ» ብዬ ተሳልኩ። ስነግራት ጥላ ለጉልበት ምን ያደርጋል አለችኝ። ለዝናብ ሳይሆን ለታቦት ክብር የሚያዝ፣ ዘርፉ ወርቅማ የሆነ የከፋይ ጥላ ነው ብዬ ባስረዳት ክራንቿ እስኪወድቅ ሳቀች። እኔም ሳቂ፣ እመቤቴ እየሰማችሽ ነው አልኳት። ከዚያ ወዲህ ሐኪም ያዘዘላትን የጉልበት እንቅስቃሴ ለመሥራት ስትሰንፍ፣ ማርያም ፊት ልታሳፍሪኝ ነው ወይ እያልኩ አስነሣት ጀመር። እያጉረመረመች ትነሣለች።

የመጨረሻው ጨዋታ ላይ አስገቧት። ነጠላዬን ለብሼ ሄጃለሁ። ኳስ አላውቅም፤ የማውቀው ያቺን አንድ ጉልበት ብቻ ነው። አንዷ ጠልፋ ስትጥላት ነጠላዬን ጨብጬ ቆምኩ። ተነሥታ ሮጠች። እልል አልኩ፣ ብቻዬን። የተቀመጠው ሁሉ ዞሮ አየኝ፤ ይየኝ።

የሮሙ ቡድን ግን አመስግኖ ሸኛት። ጨዋታውን አይቶ የጠራት የትውልድ ከተማዋ ቡድን ነው። ቤት እንደገባች ወገቤን ይዛ ብድግ አደረገችኝ። ሳቅኩላት፤ ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቼ፣ ውሃውን ከፍቼ አለቀስኩ። ከማርያምም ጋር ተኳረፍኩ። አሳዪኝ አልኩ እንጂ ውሰጂብኝ መቼ አልኩ? እዚሁ ሮም ማለቱን ምን አስረሳኝ?

ጥላው ከአዲስ አበባ በሰው እጅ መጥቶልኝ ቁም ሣጥኔ ላይ ተቀምጧል። ዛሬ ሙቀቱ በዛ፣ ዛሬ አውቶቡስ የለም እያልኩ እሑዱን ሁሉ አሳለፍኩ። እንዲያው ሞኝነት ነው፤ ስለቱ ካልገባ እሷም የምትቀር መስሎኝ ነበር።

አንድ ቀን ሻንጣዋን ስናዘጋጅ ልብሱን ከእጇ አስቀመጠች።

«ዚያ፣ ጥላውን ሳታስገቢ ከሄድኩ ጉልበቴ ምን ይሆናል?»

ያን ሁሉ የሳቀችበትን ስለት አምና ቁጭ! ፊቷን ሳየው የምሯን ፈርታለች። አሎራ፣ እንግዲህ ከዚህ በኋላ ምን ማመካኛ አለኝ?

እሑድ አብረን ሄድን። ነጠላ አለበስኳት፤ ለቁመቷ አጥሮ እንደ ሕፃን ልብስ ሆነባት። ጥላውን ሳስረክብ ቄሱ ስለቱ የማን እንደሆነ ጠየቁኝ።

«የልጄ ነው፣ አባ» አልኳቸው። «ጉልበቷ ድኖልኝ አገሯ ልትገባ ነው።»

እልልታው ቀለጠ። ሴቶቹ ልጅቱን ፍለጋ ዞር ዞር ብለው ዓይናቸው እሷ ላይ ዐረፈ። እሷ ደግሞ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብላ፣ ምን ብለሻቸው ነው ሁሉም የሚያየኝ አለችኝ።

ስለ ጉልበትሽ ነው አልኳት።